ሰላማዊ ውቅያኖስና ሦስት እሑድ

ልጅ ሳለሁ የቤታችን ደብዳቤ አንባቢ ነበርኩ። እንዲህ ሲባል ትልቅ ሥራ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ከቤታችን ፊደል የቆጠረው ታላቅ ወንድሜ ጳውሎስ ነበር፤ እሱን ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት የቀረሁት እኔ፣ የአምስተኛ ክፍሏ ማርታ ነኝ። አባታችን ገና ሳልድህ ሞቷል። እናቴ ደግሞ አማርኛ የምታውቀው ቅቤ ለመሸጥና ጨው ለመግዛት የሚበቃትን ያህል ነው። ስለዚህ ወረቀት ወደ ቤት ሲገባ በእኔ እጅ ያልፋል፤ አማርኛውን በዓይኔ አነብና ለእናቴ በሀዲይኛ እነግራታለሁ። ያኔ ይህ ሥራ ሰው የሚያደክም አይመስለኝም ነበር። ኋላ አስተማሪ ሆኜ ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁ፤ እንደዚያች እንደ አንዲቱ ደብዳቤ ያደከመኝ ግን የለም።

የምንኖረው ሌሞ ነበር፤ ከሆሳዕና ከተማ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ። እኛ ቤት ግን ከተማዋን ሆሳዕና ብሎ የሚጠራ አልነበረም። ሆሳዕና የትምህርት ቤትና የማኅተም ስም ነው። እናቴም፣ ጎረቤቱም፣ ፈረስ ጋሪ የሚነዳውም የሚጠራት በድሮ ስሟ፣ ዋቸሞ ብሎ ነበር። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የእኔ ጥፋት አንድ እግሩ እዚህ ላይ ነው።

ከእኛ እንሰት ማዶ አባባ ሎዳሞ የምንላቸው የእናቴ አጎት ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ለአንድ የውጭ አገር ካቶሊክ ካህን ምግብ አብሳይ ሆነው ብዙ ዓመት ስለቆዩ፣ ባሕር ሳያዩ ስለ ባሕር የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ካህኑ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትተውላቸው የሄዱት የዓለም ካርታ ከግድግዳው ላይ ተለጥፎ ጭስ ሲጠጣ ኖሮ፣ አህጉሩም ውቅያኖሱም አንድ ዓይነት ቡናማ ሆኗል። እሳቸው ግን በዱላቸው ጫፍ እየነኩ የቱ የት እንደሆነ አይስቱም ነበር።

ያኔ፣ ከብቶቹ ገብተው ከታሰሩ፣ ራቱም ከተበላ በኋላ፣ ከቤቱ መሐል ያለው ምድጃ ነበልባሉን ጨርሶ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ ኩራዙም ጋዝ እንዳይጨርስ ክሩ ዝቅ ተደርጎ ሲበራ፣ የሠፈሩ ልጆች ከከብቶቹ ትንፋሽና ከጭሱ መካከል ተጠጋግተን እንቀመጥና የአባባ ሎዳሞን አፍ እንጠብቅ ነበር። የሌላው ቤት ሽማግሌ የጅብና የቀበሮ ተረት ያወራል። እሳቸው የሚያወሩት ግን ስም ከየት እንደመጣ ነበር። ያ ኮረብታ የአማች ማረፊያ የተባለው፣ አማቹን ሊጠይቅ የመጣ ዓይን አፋር ሙሽራ መግባት ፈርቶ ሦስት ቀን ስለተቀመጠበት ነው። ያኛው ምንጭ እንዲህ የተባለው በእንዲህ ነው። ምን ያህሉ እውነት እንደነበር እግዜር ይወቅ። «ስም ሁሉ አባት አለው» ይሉ ነበር። «ስም ስትሰሙ አባቱ ማነው ብላችሁ ጠይቁ።» እኛም መንገድ ላይ ያገኘነውን ሁሉ እየጠየቅን ሰው እናስቸግር ነበር።

ጳውሎስ ከተወሰደ በኋላ ግን እናቴ ተረት መስማት ትታ ነበር። ትመጣለች፣ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ጆሮዋ ግን ከደጁ ነው። በዚያው ሰሞን የአንድ የጎረቤት ልጅ ሞት ተነገረ። የሞተው ቀይ ባሕር ዳር ነው ተባለ። እናቴ ከለቅሶው ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ፣ «ያ ባሕር ቀይ የሆነው በከንቱ አይደለም» አለች። በልጅ ደም ቀላ ማለቷ ነው። እኔ በትምህርት ቤት ውኃው እንደማንኛውም ውኃ መሆኑን ተምሬአለሁ፤ ነገር ግን ከለቅሶ ለተመለሰች እናት ይህን የሚያስረዳ አፍ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ራዲዮ ያለው ሰው «ቀይ ባሕር» ሲል ከሰማች ተነሥታ ትወጣ ነበር።

የጳውሎስ ደብዳቤ የደረሰን ዐቢይ ጾም ከተጋመሰ በኋላ ነው። ከከተማ የመጣ አንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ሠራተኛ አምጥቶ ለእናቴ በእጇ ሰጣት። እናቴ እንሰት እየፋቀች ነበር፤ እጇን በቅጠል ጠርጋ ወረቀቱን ለእኔ ዘረጋችልኝና መልሳ ሥራዋን ያዘች። ደብዳቤው አጭር ነበር። ዛሬም ከነነጥቡ በቃሌ አውቀዋለሁ።

«እማ፣ እንደምን ሰንብተሻል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥልጠናችን እያለቀ ነው። የምንነሣው በሆሳዕና ነው። ከዚያ ወደ ቀይ ባሕር ትሄዳላችሁ ይሉናል። እስከዚያው እሑድ እሑድ ዘመድ ማየት ስለሚፈቀድ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ማርታን ሳሚልኝ።»

እያነበብኩ መተርጎም ጀመርኩ። «የምንነሣው በሆሳዕና ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ለአፍታም አላሰብኩም፤ «የምንነሣው ከዋቸሞ ነው» ብዬ በሀዲይኛ ነገርኳት። ሆሳዕና ከተማ ናት፤ ከተማዋ በእኛ አፍ ዋቸሞ ናት፤ በቃ። አማርኛው ሁለት መንገድ ነበረው፤ ሀዲይኛው አንዱን ምረጪ አለኝ፤ እኔም መረጥኩ። ይህንን ሳላውቅ ነው ያደረግኩት።

ቀጥሎ ያለውን ግን ዐውቄ ነው። ዓይኔ «ቀይ ባሕር» የሚለው ላይ ሲያርፍ አፌ ቆመ። እናቴም መፋቋን አቆመች። «ከዚያስ ወዴት?» አለች፣ ዓይኗን ከእንሰቱ ላይ ሳታነሣ። በዚያው ሳምንት አስተማሪያችን ስለ ውቅያኖሶች ሲያስተምሩን ከሁሉም የሚሰፋው ፓስፊክ እንደሚባልና ትርጉሙም ሰላማዊ ማለት እንደሆነ ነግረውን ነበር። ቃሉ አፌ ላይ እንደ ትኩስ ድንች ተቀምጦ ነበር ማለት ይቻላል። «ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ» አልኩ።

«እሱ ምንድነው?»

«ትልቅ ውኃ ነው። ሰላም ያለበት ውኃ ነው፣ እማ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጳውሎስ ከሄደ ጀምሮ ያላየሁት ነገር ፊቷ ላይ መጣ። እንሰቱን ትታ ተነሣች፤ ግንባሬን ሳመችኝ። «ከዋቸሞ ነው የሚነሡት አልሽ? እሑድ በር ላይ ነው የሚጠብቀኝ?» እያለች ደጋግማ አስነገረችኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። አንድ ቃል ብቻ ቀይሬ እናቴን እንዲህ ማድረግ ከቻልኩ፣ ማን ተጎዳ ብዬ ነበር።

ማን እንደተጎዳ ለማወቅ ሁለት ቀን አልፈጀብኝም። ደብዳቤ አንዴ ተነቦ አይተውም ነበር፤ ለዘመድ ይነበባል፣ ለጎረቤት ይነበባል። እናቴ «ለአባባ ሎዳሞ አንብቢላቸው፣ ደብዳቤውን ይዘሽ ነዪ» አለችኝ። አባባ ሎዳሞ ደግሞ ማንበብ ይችላሉ፤ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው መነጽራቸውን ካደረጉ አለቀልኝ። ደብዳቤውን በጋዜጣ በለበድኩት መጽሐፌ ሽፋን ውስጥ ከተትኩና «ጥጃው በላው» አልኳት። እናቴ መታችኝ። ከዚያ ተቀምጣ ለወረቀቱ አለቀሰች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «በቃልሽ ታውቂው የለ? በይውማ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ደብዳቤውን በቃሌ እልላት ነበር፤ ዋቸሞውንም፣ ሰላማዊ ውቅያኖሱንም።

ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን ለማየት አውቶቡስ ተሳፍረው ከአዲስ አበባ ወዲያ እስካለው ማሠልጠኛ ሄደው ይመለሱ ነበር። እናቴንም አብረሽን እንሂድ ብለዋት ነበር። «የእኔ ልጅ እዚሁ ድረስ ይመጣልኛል» አለቻቸው።

በመጀመሪያው እሑድ ብቻዋን ሄደች። በቅቤ የታሸ ቡላ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ነበር። ጾም ነው ያለቻትን ሴት «የሚዘምት ልጅን ጾም አይዘውም» ብላ መለሰችላት። ማታ ጥቅሉን እንዳለ ይዛ ተመለሰች። «ገና አልደረሱም» አለች።

በሁለተኛው እሑድ እኔንም ይዛኝ ሄደች። «በር» የሚለውን የአውራጃው ጽሕፈት ቤት በር ነው ብላለች፤ መቼም በከተማዋ ውስጥ ወታደር የሚቆምበት ሌላ በር አታውቅም። ከአጥሩ ሥር ካለች ጥላ ተቀመጥን። እሑድ ስለሆነ ግቢው ጭር ብሏል። እኩለ ቀን ሲሆን ጥላው ከእኛ ላይ ሄደ፤ እናቴ ግን ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ቦታ መልቀቅ አልፈለገችም። ዘበኛው የከምባታ ሰው ስለሆነ ሀዲይኛ አይሰማም፤ ዕድሜው ከእናቴ ብዙም አይበልጥም። መጥቶ ረጋ ብሎ፣ «እናቴ፣ ባለፈውም እዚህ ነበርሽ። ማንን ነው የምትጠብቂው?» አላት።

«ልጄን። ከዚህ ነው የሚነሡት።»

«ከዚህ የሚነሣ ጦር የለም።»

«በወረቀት ጽፎልኛል» አለች እናቴ፤ ወደ እኔም ዞራ፣ «በይለት» አለችኝ።

ከዚያ በር ፊት ቆሜ ደብዳቤውን በቃሌ አልኩለት። ለእሱ የምለው በአማርኛ ስለሆነ «በሆሳዕና» ብዬ ነው የነገርኩት፤ እሱም እንደ እኔ ከተማዋ መሰለችው። «ሰላማዊ ውቅያኖስ» ስል ግን፣ «እሱ ደግሞ የት ነው?» አለ። እናቴ የአማርኛዋን ያህል፣ «ሰላም ያለበት ነው» አለችው። ዘበኛው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። ገብቶ የራሱን በርጩማ አምጥቶ ሰጣት። እናቴ እስኪመሽ ተቀመጠችበት። መንገድ ላይ ስንመለስ እግሯን እየጎተተች፣ «የሚቀጥለው እሑድ አለ» አለችኝ። ያኔ የማፍረው በውቅያኖሱ ነበር እንጂ ወንድሜ በሌላ በር ላይ እንደቆመ አላወቅኩም።

ሦስተኛው እሑድ የሆሳዕና በዓል ነበር። እኔ ከሌሎች ልጆች ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የዘንባባ ቀለበት ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ስዘልል ዋልኩ። እናቴ ቅዳሴ እንዳለቀ ጥቅሏን ይዛ በዚያው ወደ ከተማ ወረደች። ሊመሽ ሲል ተመለሰችና ወደ ቤት ሳትገባ በቀጥታ አባባ ሎዳሞ ዘንድ ሄደች። እኔም ተከትያት ገባሁ። ልጆቹ ቀድመውን ምድጃውን ከበዋል። እናቴ ጥቅሉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጫማዋን አላወለቀችም። እንዲህ ደክሟት አይቻት አላውቅም።

«አባባ» አለች፣ «ይህ ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚሉት ከእኛ ምን ያህል ይርቃል?»

አባባ ሎዳሞ ፍሙን በእንጨት ገላልጠው አመዱን አራገፉ። ከዚያ ተነሥተው ኩራዙን ወደ ካርታው አስጠጉና በዱላቸው ከወረቀቱ ጫፍ፣ ከእኛ አገር እጅግ ርቆ ያለውን ቦታ ነኩ። «እዚህ ነው» አሉ። «የእኛ ጦር እዚያ ሲሄድ ሰምቼ አላውቅም።» እኔን አላዩኝም። ያላዩኝ ሆን ብለው እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ተመልሰው ተቀመጡና፣ ልጆቹ እየጠበቁ ስለነበር፣ የስሙን ታሪክ ማውራት ጀመሩ።

ካህኑ እንደነገሯቸው፣ ፖርቱጋል የተወለደ አንድ የመርከብ አለቃ ነበር። ብዙ ሰዎችና ጥቂት መርከቦች ይዞ ምድርን ሊዞር ተነሣ። ከዓለም ጫፍ ሲደርስ ጠባብ የባሕር መንገድ አገኘና ገባበት። ነፋሱ ያናውጻል፣ ቅዝቃዜው ያደነዝዛል፣ ግራና ቀኙ ቋጥኝ ነው። አንዷ መርከብ ከድታ ወደ ኋላ ተመለሰች። ከወር በላይ እንዲያ ሲንከራተቱ ቆይተው ጠባቡ መንገድ አለቀና ከፊታቸው ጸጥ ያለ፣ ማለቂያ የሌለው ውኃ ተዘረጋ። አለቃው ከደስታ ብዛት አለቀሰ ይባላል። ውኃውንም ሰላማዊ አለው። «የስሙ አባት እሱ ነው» አሉ አባባ ሎዳሞ። «ያወጣለትም በዚያን ቀን ባየው ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሲነግሩን ድምፃቸው ዝቅ አለ። በዚያ ሰላማዊ በተባለው ውኃ ላይ ከሦስት ወር በላይ ትኩስ ምግብ ሳያገኙ ሄዱ። ምግቡ አለቀ፤ ከምሰሶው ላይ ቆዳ እየገፈፉ፣ ባሕር ውስጥ ዘፍዝፈው እያለሰለሱ በሉ። አይጥ እንኳ ብርቅ ሆነባቸው። ድዳቸው እያበጠ ብዙዎቹ ሞቱ። አለቃው ራሱ ከአንዲት ደሴት ላይ ተገደለ፤ አገሩን አላየም። ከእሱ በኋላ የሄዱ ሰዎች ደግሞ በዚያው ውኃ ላይ ቤት የሚያህል ማዕበል እንደሚነሣ አዩ።

«ታዲያ ስሙን ለምን አልቀየሩትም?» አለች እናቴ። ተረት መሐል ገብታ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ማን ይቀይረው? ያወጣው ሞተ። የቀረው ሰው ደግሞ ለመደው።»

እናቴ ጥቅሉን ከጉልበቷ ወደ መሬት አወረደችው። አባባ ሎዳሞም የከበደውን ነገር ሊያቀሉላት ፈልገው መሰለኝ፣ ወደ ራሳችን አገር ዞሩ። «እኛስ ብንሆን? ዋቸሞን ሆሳዕና ያላት ማነው? ከሰሜን የመጣ አንድ የጦር አለቃ ነው ይባላል። ከነሠራዊቱ የደረሰው በሆሳዕና ዕለት ነው። በዓሉን እዚህ አከበረና ቦታዋን በቀኑ ስም ጠራት። ለጥምቀት ደርሶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጥምቀት ከተማ ገበያ እንሄድ ነበር።» ልጆቹ ሳቁ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ጨመሩ፤ «ሆሳዕና ቦታ ከመሆኗ በፊት ቀን ናት። ይኸው ዛሬ ናት።»

እኔ አልሳቅኩም። የምንነሣው በሆሳዕና ነው። ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ በጳውሎስ ድምፅ መጣ። በጠዋት ሆሳዕና በአርያም ስል የዋልኩት እኔው ነኝ፤ የወንድሜ ወረቀት ላይ ሳየው ግን ማኅተም ላይ እንዳለችው ከተማ አድርጌ አነበብኩት። እሱ ቀን ነው የጻፈው። በሩም የማሠልጠኛው በር ነው። ቀኑ ደግሞ ዛሬ ነው፤ ዛሬም መሽቷል።

ተነሥቼ ወጣሁ። በእንሰቱ መሐል ሮጬ ቤት ገባሁ፤ መጽሐፉን አመጣሁና በሁሉም ፊት ሽፋኑን ቀድጄ ደብዳቤውን ለአባባ ሎዳሞ ሰጠኋቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ የኩራዙን ክር ከፍ አድርገው፣ አንዴ ለራሳቸው አነበቡት። ልጆቹን «ወደየቤታችሁ» አሏቸው። ከዚያ ለእናቴ ቃል በቃል በሀዲይኛ ነገሯት። በሆሳዕና በዓል እንደሚነሡ። ወደ ቀይ ባሕር እንደሚሄዱ። እስከዚያው በየእሑዱ፣ እዚያው፣ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቃት።

እናቴ ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን እንደምትቆጥር ሰው ጣቶቿን አየች።

«እሱም ቆሞ ነበር» አለች። «እኔም ቆሜ ነበር።»

ጥቅሉን ፈትታ ቡላውን ቆረሰችና ለአባባ ሎዳሞ ሰጠች፤ ለእኔም ሰጠችኝ። «ብዪ፣ ይበላሻል» አለችኝ። እያለቀስኩ በላሁ። ጾም መሆኑን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ስንወጣ አባባ ሎዳሞ በሩ ላይ ትከሻዬን ያዙኝ። «ሁለት ነገር አድርገሻል» አሉኝ። «አንዱን ሳታውቂ፣ አንዱን ዐውቀሽ። ሳታውቂ ያደረግሽውን እኔ በአንድ ቃል አርመው ነበር። እንዳላየው የደበቀብኝ ዐውቀሽ ያደረግሽው ነው።» አልተቆጡም፤ ደክሟቸው ነው የተናገሩት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰባኪ ሰምቻለሁ፤ የማስታውሰው ግን የእሳቸውን ነው።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ሲመጣ እናቴ ለሌላ ሰው ትሰጣለች ብዬ ነበር። አልሰጠችም፤ ለእኔው ዘረጋችልኝ። ብቻ በየቃሉ ታስቆመኝ ነበር፤ «ይህ ቀን ነው ወይስ ቦታ?» እያለች። አንድ ገጽ አንብበን ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብን ነበር። ጳውሎስ በአንዱም ስለዚያ በር አላነሣም። ከጊዜ በኋላ ግን ደብዳቤው ራሱ መምጣት አቆመ። በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ስትንበረከክ ስለ ማን እንደምትጸልይ የማያውቅ አልነበረም። እኔ ደግሞ እሱ ቢሞት የመጨረሻ መተያየታቸውን የነጠቅኳቸው እኔ ነኝ እያልኩ አደግኩ።

አልሞተም። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ እየለመነ መጣ። አጥንቱ ብቻ ነበር የቀረው። አባባ ሎዳሞ ከዚያ ቀደም ብለው ዐርፈው ነበር፤ ስለዚህ ነገሩን የምናውቅ ትልልቅ ሰዎች እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። በመጣ ማግሥት ገላውን ታጥቦ፣ ወተት ጠጥቶ እንደተቀመጠ፣ ስንት ዓመት ይዞት እንደኖረ የሚያስታውቅ ድምፅ አውጥቶ፣ «እማ፣ ያ ደብዳቤዬ አልደረሰሽም ነበር?» አላት። «የሌሎቹ እናቶች ሲመጡ እኔ በር ላይ እቆም ነበር፤ በሆሳዕና ዕለት መኪና ላይ ወጥቼ እንኳ ዞሬ በሩን ሳይ ነበር።»

እኔ እቃ አጥብ ነበር፤ እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ። ልናገር ነበር፤ አፌን ከፍቼ ነበር። እናቴ ቀደመችኝ።

«ደርሶኛል፣ ልጄ። የደረሰኝ ግን ከፋሲካ በኋላ ነው።»

በሳምንት በሳምንቱ ንስሐ የምትገባ ሴት ነበረች። በገበያ እንኳ ቅቤዋን ደባልቃ ሸጣ አታውቅም። ጳውሎስ ራሱን ነቀነቀ፤ «እኔም እንዲያ ነው የጠረጠርኩት» አለ፤ ፊቱም ሲፈታ አየሁ። ማታ ለብቻዋ ሳገኛት፣ እኔው ልንገረው አልኳት። «ከደብዳቤው ጋር ይጣላ» አለችኝ። «ከእህቱ ጋር ምን አጣላው?» ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አንሥታብኝ አታውቅም።

እሷ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ለቅሶ ላይ ጳውሎስ ድንኳኑ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው፣ «እናቴ ደብዳቤው ዘግይቶባት ነው እንጂ በእግሯም ቢሆን ትመጣ ነበር» ሲል ሰማሁ። ሰዎቹም «እውነት ነው» አሉት። እኔም ከሴቶቹ መሐል ተቀምጬ ዝም አልኩ። መምጣቷንማ መጥታለች፤ ሦስቱንም እሑድ፣ በእግሯ። እሱ ይህን አያውቅም። ውሸቷ እኔን ሸፈነና የእሷን ልፋት አብሮ ሸፈነው። ለዓመታት የተኛሁት እሷ ይቅር ብላኛለች እያልኩ ነው፤ የእሷን ድርሻ ለእሱ የሚነግርላት ማን እንደሆነ ግን አላሰብኩም ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጳውሎስ የሚኖረው ሀቢቾ መንደር ነው፤ ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ የሚጻፍለትን ሁሉ የምታነብለት የመጨረሻ ልጁ አስቴር ናት። በስልክ ልነግረው ብዙ ጊዜ ጀምሬ ስለ ዝናብና ስለ ከብት አውርተን ተለያይተናል። ስለዚህ ጻፍኩት። አስቴር፣ ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አባትሽን አስቀምጪና አንብቢለት፤ ስለ እኔ የሚያሳፍር ነገር ስታገኚም አትዝለዪው፣ እንደ ተጻፈው አንብቢለት።